ወደ ጀርመን ልሄድ ነው፤ የሰዉን ነገር ማን ይንገረኝ?

ጥያቄ፦ የገንደ ቆሬ ነርስ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ስድስት ዓመት በሆስፒታል ሠርቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ጀርመንኛ ተምሬ የቢ ሁለት ፈተናውን አልፌያለሁ። አሁን በደቡብ ጀርመን፣ ከሽቱትጋርት ብዙ በማይርቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተቀብሎኛል፤ ቪዛውም ወጥቶልኛል። የምሄደው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።

ስለ ወረቀቱ አልጠይቃችሁም፤ እሱን መንገደኛው ሁሉ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። እንቅልፍ የነሳኝ የሰዉ ነገር ነው።

ያደግሁበት ግቢ አምስት ቤተሰብ ይኖርበታል። ከግድግዳችን ማዶ ሶማሌዎች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሐረሪዎች፣ ከበሩ አጠገብ ኦሮሞዎች አሉ። ልጆች ሆነን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንሮጥ ቋንቋ እንቀይራለን፤ መቀየራችንን ግን ልብ አንለውም ነበር። በረመዳን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሳምቡሳና ሾርባ ተሸፍኖ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ ያንን ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ሌላ ነገር ቢጠፋ ሎሚ ወይም አንድ እፍኝ ስኳር ታደርግበታለች። በፋሲካ ሥጋው የየእምነታችን ቢሆንም ድፎ ዳቦው ለአምስቱም ቤት ይደርሳል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በርዶ ቡና ሲቆላ፣ ሰው ጭሱን አይቶ ይመጣል። ሰው ቤት ለመሄድ ቀጠሮ መያዝ የሚባል ነገር አላውቅም።

ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ ጋር በቪዲዮ ተነጋገርን። በዕድሜ ትልቅ ሴት ናቸው። ከትልቅ ሰው ጋር ስነጋገር እንደለመድኩት ዓይኔን ዝቅ አድርጌ አዳምጣቸዋለሁ። በመሃል ንግግራቸውን አቋረጡና «የከበደዎት ነገር አለ? ሐሳብዎ ሌላ ቦታ ያለ ይመስላል» አሉኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እናቴ ልትሆን በምትችል ሴት፣ «እርስዎ» ተብዬ ተጠራሁ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

መጨረሻ ላይ «ከእኛ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ነበረኝ። የመጀመሪያውን ወር የት እንደማድር አላውቅም ነበር። ነገር ግን ገና ሲጠይቁኝ መናገር ይሉኝታ ያዘኝና «የለም፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ሲደግሙልኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ። አልደገሙልኝም። «ጥሩ» ብለው ተሰናበቱኝ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ቆየሁና በኢሜይል ስጽፍላቸው አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልስ ሰጡኝ። ለካ በሠራተኞች መኖሪያ ክፍል ሊይዙልኝ ይችሉ ኖሯል፤ ከተናገርኩ ብቻ።

የፈራሁት ያን ቀን ነው። ቃሉን አውቄዋለሁ፤ ሰዉ ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን አላውቅም። እዚያ የኖራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ጎረቤትን እንዴት ቀረባችሁ? ሰው ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ? በሥራ ቦታስ ምን አስደነገጣችሁ? ያሳፈራችሁንም ቢሆን አትደብቁኝ።

መልስ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ለትምህርት ሦስት ዓመት እዚያ ኖሬ ተመልሻለሁ። ስለ ሰዉ ከእኔ የተሻለ የሚነግሩሽ ይመጣሉ፤ እኔ ስለ ሻንጣሽ ልናገር። እኛ ሰው ሲሄድ ዕቃ ማስያዝ ባህላችን ነው፤ መንገደኛም እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋል።

ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ቋንጣውንና ቅቤውን እናትሽ እያለቀሱ ቢሰጡሽም እቤት ተዪው። ጫት ደግሞ በጀርመን ሕግ ከአደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ነው። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በእኛ አካባቢ ነገሩ እንደ ወንጀል ስለማይታሰብ ነው። የአወዳይ ጫት በየቀኑ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ሲገባ እያየን ነው ያደግነው። አንዲት ደግ ሴት «ለወንድሜ ናት፣ ደርቃ የተፈጨች ናት» ብላ ትንሽ ጥቅል ብትሰጥሽ ክፋት አስባ ላይሆን ይችላል። ከፍተሽ ያላየሽውን፣ አይተሽም ያላወቅሽውን አትያዢ። ዘመድ ቢቀየም ይታረቃል፤ የአየር ማረፊያው ጉምሩክ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ደግሞም ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን በከተማው አስተዳደር አስመዝግቢ። ባንኩም፣ ግብሩም፣ ሁሉም ነገር ያንን ወረቀት ይጠይቅሻል።

መልስ፦ የለገሀሬ ልጅ፣ ሽቱትጋርት አካባቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ መውረጃዬ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እኔም ነርስ ነኝ። ያደግሁት ለገሀሬ ነው፤ አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። አያቴ ከፈረንሳዩም፣ ከግሪኩም፣ ከአርመኑም፣ ከየመኑም ጋር ተጎራብቶ እንደኖረ ሲያጫውተን ነው ያደግሁት። ከማንም ጋር መኖር አያቅተኝም ብዬ ነበር የመጣሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከባድ ነበሩ።

ያንን «የለም፣ አመሰግናለሁ» ያልሽውን አስቀድሜ ላንሳ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው። «ብዪ» ሲሉሽ «አሁን በላሁ» ትያለሽ፤ «በሞቴ» ይሉሻል፤ «ኧረ በቃኝ» ትያለሽ፤ «አፈር ስሆን» ሲሉሽ እጅሽን ትታጠቢያለሽ። ያ ሁሉ ምልልስ መከባበር ነው። እዚህ የመጀመሪያው እምቢታ ውሳኔ ነው። ደግሞ መጠየቅ «ቃልሽን አላመንኩም» እንደ ማለት ይሆንባቸዋል። ኃላፊዋ «ጥሩ» ብለው የተሰናበቱሽ ቃልሽን አክብረው ነው፤ አትቀየሚያቸው። ምግብ ሲቀርብልሽም «ዳንከ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብቻ ካልሽ አልፈልግም ማለትሽ ነው፤ ሳህኑ በፊትሽ ያልፋል። ከፈለግሽ «ያ፣ ገርነ»፣ አዎ በደስታ፣ በዪ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የባልደረባዬን የልደት ኬክ «ዳንከ» ብዬ አሳልፌ፣ ሌሎች ሲበሉ እያየሁ፣ ማንም «በሞቴ» ሳይለኝ እረፍቱ አለቀ።

ይህንን ሁሉ ያስተማሩኝ እኔ ከምኖርበት ወለል በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ስለእሳቸው በሰፊው ልንገርሽ፤ አንቺም የምትሄጂው እዚሁ አካባቢ ነውና።

በዚህ አካባቢ «ኬርቮኸ» የሚባል ልማድ አለ፤ የመጥረጊያ ሳምንት ማለት ነው። የሕንፃው ነዋሪዎች ደረጃውንና የበሩን ደጅ በየሳምንቱ ተራ እየተቀባበሉ ያጸዳሉ። ተራው የደረሰው ሰው በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል። እኔ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳዋን በሬ ላይ አገኘኋት። ምን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ሰው ረስቶት የሄደ መስሎኝ ተውኳት። ቅዳሜ ጠዋት የመጥረጊያ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ደረጃ ይጠርጋሉ። «እንደምን አደሩ» አልኳቸውና አልፌ ሄድኩ። ሰኞ ማታ በሬን አንኳኩ። ሳይስቁ፣ ሳይቆጡም፣ «ያለፈው ሳምንት የእርስዎ ተራ ነበር። አልጠረጉም።» አሉኝና ወረዱ።

በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። በእኛ አገር እንዲህ በቀጥታ የሚነግርሽ ሰው ወይ የጠላሽ ነው፣ ወይ ልብሽን ሊሰብር የመጣ ነው፤ የሚወድሽማ በሰው ያስነግርሻል፣ ወይ በተረት ያሳስብሻል። ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እናቴ የእድር ተራ ስታሳልፍ ምን እንደሚሰማት። በማግሥቱ ወርጄ አንኳኳሁና «አላወቅሁም ነበር፤ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። ከላይ ወደ ታች እንደሚጠረግ፣ የደረጃው ጥግ በመጥረጊያው ጫፍ እንደሚወጣ፣ የእጅ መደገፊያው በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ እንደሚታሸ፣ የምድር ቤቱ ደረጃ እንደማይረሳ አንድ በአንድ አሳዩኝ። እኔ ስጠርግ ቆመው ተመለከቱኝ። ስጨርስ «አሁን ትክክል ነው» አሉ። ከዚያ ቀጠሉና «ሐሙስ በሃልፕ ፊር ኬክ እጋግራለሁ፤ ቡና ይጠጣሉ?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ «ያ፣ ገርነ» አልኩ።

«ሃልፕ ፊር» ቃል በቃል ግማሽ አራት ነው። እኔ አራት ተኩል ብዬ ተረጎምኩት። ለካ ወደ አራት ሲሄድ ግማሽ ላይ ማለት ነው፤ በእነሱ ሦስት ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አንድ ሰዓት አርፍጄ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ኬኩ ተቆርጧል፤ ቡናው ቀዝቅዟል፤ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተቀየመ አልነበረም፤ የተረሳ ሰው ፊት ነበር። በኋላ እንደገባኝ እዚህ ሰው በሰዓቱ ሲደርስልሽ አክብሮሻል ማለት ነው፤ እኛ ከወንበር ተነስተን «ኖር» እንደምንለው ያለ ነው። ስህተቴን ሳስረዳቸው ወረቀት አውጥተው ሰዓት ሣሉልኝና ሦስቱንና አራቱን በመስመር አገናኝተው መሃሉ ላይ ነጥብ አደረጉ። ያቺ ወረቀት አሁንም ማቀዝቀዣዬ በር ላይ አለች።

ተራው የእኔ ሲሆን ጠራኋቸው። ቡና ቆላሁ፤ እጣን አጨስኩ፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። በጀርመን ቤቶች ሁሉ ይህ መሣሪያ በሕግ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ቡና ስትቆዪ መስኮቱን ከፍተሽ ጀምሪ፤ እሑድና ከማታ አራት ሰዓት በኋላም ሙቀጫ አትውቀጪ፤ የጸጥታ ሰዓት ነው። አቦሉን ጠጥተው «በጣም ጥሩ ነው፣ በቃኝ» አሉ። እኔ የት ልስማቸው! ቶናውን ደገምኩ፤ «በረካው በረከት ነው፣ አይተውም» ብዬ ሦስተኛውንም አጠጣኋቸው። ጨዋ ስለነበሩ ጠጡ። በማግሥቱ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ሌሊቱን አልተኛሁም። በቃኝ ስል አልሰሙኝም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። እኔ በፍቅር ያደረግሁት እሳቸው ላይ ጫና ሆኖ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሲኒ ቀድቼ ዝም እላለሁ፤ አንዳንዴ ራሳቸው «ሁለተኛውስ?» ይሉኝ ነበር። ያንን ስሰማ የሚሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም።

ስለ እናትሽ ሳህንም ልንገርሽ። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ በሳህን አድርጌ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ሳህኑ ባዶውን፣ ተወልውሎ እንደ መስታወት እያበራ፣ በሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ልቤ ተሰበረ፤ ባዶ ሳህን! ሰንብቼ ነው የተረዳሁት። ዕቃሽን ሳያቆዩ፣ ከወሰዱት በላይ አጽድተው መመለስ የእነሱ ሎሚና ስኳር ነው።

አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ የክረምት ወር ላይ ሆስፒታል ገብተው አልተመለሱም። የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ በሬ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ። እኔ ከሕንፃው ጩኸት ጠበቅሁ፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ወንበር ይወጣል ብዬ። ምንም። ቀብሩ የተፈጸመው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ልጃቸው ካርድ ስለላከችልኝ ሄድኩ፤ እዚህ ብዙ ጊዜ ቀብር የሚኬደው ሲነገርሽ ነው። ጥቁር ለበስኩ፤ እጇን ጨብጬ «ሄርትሊሸስ ባይላይድ» አልኳት፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ እንደምንለው ነው። ሰዉ ሁሉ እንባውን በመሐረብ ይዞ በዝምታ ቆሟል። ከዚያ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ኬክና ቡና ቀረበ፤ ስለ እሳቸው ተጫወትን። አፌን በነጠላዬ ይዤ ዋልኩ። ቤቴ ስገባ ድሬዳዋ ለእናቴ ደወልኩና ለቀቅሁት። እናቴ ስልኩን እንደያዘች ጎረቤቶቹን ጠራች። ለገሀሬ ግቢያችን ውስጥ ለማያውቋት የጀርመን አሮጊት ለቅሶ ተለቀሰ፤ ቡና ተፈላ። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ስለዚህ እዚህ ሐዘንሽን ስትይዢ፣ የምታወርጂበት ስልክ ይኑርሽ።

ስለ ሥራው ባጭሩ። እዚያ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት አጠገቡ የሚያድረው አስታማሚው ነው፤ እኛ መድኃኒትና መርፌውን እንሰጣለን። እዚህ ገላ ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ ሽንት ቤት መውሰዱም የነርሷ ሥራ ነው። የተማርኩት ለዚህ አይደለም ብለው በመጀመሪያው ወር የተማረሩ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። አሁን ግን ብቻቸውን የተኙትን ሽማግሌዎች ሳጥባቸው የአስታማሚነት ቦታ እንደተሰጠኝ ነው የማስበው። ዓይናቸውን እያየሽ አነጋግሪ፤ ያንን እንደ ድፍረት አይቆጥሩትም፤ ዓይንሽን ከደበቅሽ ግን የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። «እርስዎ» መባሉም አያስደንግጥሽ። እኛ አንቱታን ወደ ላይ ብቻ እንልካለን፤ እነሱ አዋቂ የሆነን ሁሉ በጋራ «ዚ» ይባባላሉ። ወደ «ዱ»፣ ወደ አንተና አንቺ፣ እንሻገር የሚለው ትልቁ ወይም አለቃው ነው፤ አንቺ አትቅደሚ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልተኛ። ስምሽን አዘጋጂ። እዚህ የቤተሰብ ስም ስለሚሉ በአባትሽ ስም ነው የምትጠሪው። አባቴ የሞተው እኔ ልመጣ ስል በነበረው ዓመት ነው። በመጀመሪያው የሥራ ጠዋት «ፍራው»፣ ወይዘሮ፣ ብለው የአባቴን ስም ሲጠሩ፣ ዞሬ በሩን አየሁ። ዛሬ ደረቴ ላይም፣ ደወሉ ላይም፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይም ያለው የእሱ ስም ነው። የፖስታ ሳጥንሽ ላይ ስሙን ቶሎ ለጥፊ፤ ካልለጠፍሽ ደብዳቤ አይደርስሽም።

መልስ፦ ከጁገል፣ ሐረር

ልጄ፣ እኔ ከሐረር ወጥቼ የኖርኩበት አገር የለም። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚመጣውን እንግዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ቤቴ ተቀብያለሁና፣ እንግዳ ከባለቤቱ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

የሐረሪ ቤት ውስጥ ወንበር የለም። በየደረጃው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ፤ ነደባ እንላቸዋለን። የትኛው የአባወራው፣ የትኛው የእንግዳው፣ የትኛው የልጆች እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ካየሽ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ቤቱ አፍ ሳይከፍት ብዙ ይናገራል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ይህን አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ ገብቶ የአባቴ ቦታ ላይ የተቀመጠ ስንት ነበር። አባቴ ምንም አይሉም። እንግዳ ነው።

አንዲት ፈረንጅ ግን መቼም አልረሳትም። ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ቆመች። ቋንቋችንን አታውቅም። እጇን ዘርግታ መደቦቹን አንድ በአንድ እያሳየች፣ ዓይኗን ወደ እናቴ አቀናች፤ «የቱ ጋ?» ማለቷ ነው። እናቴ ተነስተው እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ በቀኝ ፋንታ በግራ እጇ ብትበላም፣ ሻዩን ብትደፋም፣ የቆጠረባት ሰው የለም።

በእህታችን ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዘንሽን በስልክ አውርጂ ብላሻለች፤ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። እኛ አፎቻ አለን፤ ወንዱም ሴቱም በየራሱ ተደራጅቶ ሰርግና ሐዘን የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። ከሐረር ወጥተው በሩቅ አገር የተበተኑ ልጆቻችን በየሄዱበት አፎቻቸውን ተክለዋል። አንቺም እዚያ ስትደርሺ የአገርሽን ሰው ፈልጊ፤ እድርም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስልሽ ሰው በአካል ይኑርሽ። የጎረቤትን ልማድ መማር የራስን ማኅበር መተው አይደለምና።

የጠያቂዋ መልስ፦ የገንደ ቆሬ ነርስ

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደፍ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። የለገሀሬዋ እህቴ፣ መልስሽን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ አሮጊቷ ስትሰማ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሳህኑ ታጥቦ ባዶውን መመለሱን ግን እስካሁን አልተቀበለችም።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እናቴ ለኃላፊዋ የሐረር ስፌት፣ ትልቁን ሞሰብ፣ ልትልክ ፈልጋለች፤ ይቀበሉኛል? ደግሞ ስደርስ ጾም ይሆናል፤ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ የለገሀሬ ልጅ

ትልቁን ሞሰብ አታምጪ። ለአለቃ የሚሰጥ ውድ ስጦታ እዚህ ያስጨንቃል፤ ለመቀበልም የሥራ ደንብ ይከለክላቸው ይሆናል። ትንሽ ስፌት ለራስሽ ክፍል ግድግዳ ያዢ፤ የአገርሽን ቀለም ማየት ያስፈልግሻል። በምትኩ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለባልደረቦቹ ሁሉ የሚበላ ነገር ያቀርባል፤ «አይንሽታንት» ይሉታል። እናትሽ ዳቦ ቆሎ ትሥራልሽ፤ የሚበቃ አድርጋ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስቱም ፈረቃ ሲደመር ብዙ ሰው ነው። ልደትሽ ሲደርስም ኬኩን የምታመጪው አንቺ ነሽ። የሌላውን ሰው ልደት ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ እንኳን አደረሰህ አትበዪ፤ መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው ይሰጋሉ።

ስለ ጾሙ አትስጊ። «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ያዢ፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለበትም ማለት ነው፤ በየሱቁ ሞልቷል። ዓሣ ከጾምሽ እሱንም አይነካም። ሽሮና በርበሬ ግን ከቤትሽ ይሁን።

የምትደርሺው ምን ቀን ነው? እሑድ ከሆነ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ የምትገዢው ዳቦ እንኳን ላታገኚ ትችያለሽ። እንጀራና የጾም ወጥ ይዤ ባቡር ጣቢያ ልጠብቅሽ?

የጠያቂዋ መልስ፦ የገንደ ቆሬ ነርስ

እሑድ ነው። አዎ፣ እፈልጋለሁ፤ ጠብቂኝ።